የጋራዥ በር ሞላ ሲሰበር፦ ከባሕር ዳር እስከ ደጀን ላለ ባለቤት ዝርዝር መመሪያ

ማታ በአንድ እጅ ይነሳ የነበረ በር ጠዋት ለሁለት ጎረምሳ እንቢ ካለ ሞተሩን አትጠርጥሩ። ሞላው ተሰብሯል። ሲሰበር ብዙ ጊዜ ድምፁ ከባድ ነው። ጥይት ነው፣ ጎማ ነው፣ ትራንስፎርመር ነው እየተባለ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ይወጣል። ቀና ብላችሁ ከበሩ አናት ያለውን ጥምዝ ብረት ስታዩት ግን ነገሩ ግልጽ ነው። አንድ ቦታ ላይ አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ክፍተት አለ።

ወደ ላይ የሚወጣ የጋራዥ በር የሚያነሳው ሞላው ነው። ሞተሩ ገፋ ያደርጋል፣ ያቆማል፣ ያ ነው ሥራው። 70 ኪሎ የሚመዝን በር በጣት የሚነሳው ሞላው ክብደቱን ስለተሸከመለት ነው። በሩ ሲዘጋ ያ ሁሉ ጉልበት ሞላው ውስጥ ታምቆ ይቀመጣል። መጠኑን ለመገመት ያህል፣ 70 ኪሎ ዕቃ ከ1 ሜትር በላይ ከፍታ ሲወድቅ የሚኖረው ጉልበት ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንግባባ። የተሰበረው ሞላ አያስፈራም። እሱ ጉልበቱን ጨርሷል። የሚያስፈራው ከጎኑ ያለው ያልተሰበረው ነው። ከዚያ ደግሞ በገዛ እጃችሁ የምታጠነጥኑት አዲሱ። ከዚህ በታች ያለው እያንዳንዱ ትእዛዝ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ ጉልበቱ አሁን የት ነው ያለው?

በራችሁ የትኛው ነው?

ከውስጥ ቆማችሁ በሩን ተመልከቱ። ሞላው ከበሩ በላይ ግድግዳው ላይ፣ በአግድም ዘንግ ላይ የተሰካ ከሆነ የሚጠመዘዝ ሞላ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ነው፣ በቀላል በር ላይ አንድ ብቻ ይሆናል። ይህ መመሪያ በዋናነት የሚያወራው ስለሱ ነው። ሞላው በሁለቱም ጎን ከጣሪያው ሥር ካለው ሐዲድ ጎን ለጎን ተዘርግቶ ከሆነ ደግሞ የሚሳብ ሞላ ነው። እሱ ቀለል ይላል፣ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

የሱቅ ሻተር ያላችሁ ሰዎች ግን ይህን አትከተሉ። የሻተር ሞላ የሚቀመጠው መጋረጃው በሚጠቀለልበት ዘንግ ውስጥ ነው። የሚጠብቀውም ዘንጉን በሙሉ በማዞር ነው። አሠራሩ ሌላ፣ አደጋውም ሌላ።

አዲሱ ሞላ እስኪመጣ

ሞተሩን ከሶኬት ንቀሉ። ሪሞቱን ከልጆች አርቁ። ሞላው የተሰበረ በር በሞተር ከተሞከረ አሥር አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ይነሳና ይቆማል። ደጋግማችሁ ከሞከራችሁ የሞተሩ ጥርስ ይበላል። ያኔ ወጪው እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

መብራት በጠፋ ቁጥር ያችን ከሞተሩ የምትንጠለጠል ቀይ ገመድ መሳብ ለምደናል። እዚህ ላይ ነው አደጋው። ሞላው የተሰበረው በሩ ክፍት ሳለ ከሆነ፣ ገመዷን በሳባችሁ ቅጽበት በሩ እንዳለ ይወርዳል። የሚይዘው ነገር የለም። ስለዚህ በሩ ክፍት ከሆነ መጀመሪያ በሁለቱም ጎን ጠንካራ የባሕር ዛፍ ቋሚ ከሥሩ አስገቡ። ከዚያ ሦስት ሰው ይዞት፣ ገመዷ ተስባ፣ ቋሚዎቹ ተነስተው፣ በቀስታ ይውረድ። ጣት በፓኔሎቹ መጋጠሚያ መሃል እንዳይገባ። በሩ ሲታጠፍ ያ ክፍተት እንደ መቀስ ይዘጋል።

መኪናው ውስጥ ከቀረም መንገዱ ያው ነው። ሦስት ሰው ያነሳል፣ ቋሚ ይገባል፣ መኪናው ይወጣል፣ በሩ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ አዲሱ ሞላ እስኪገባ አይነካ።

መበየድ የሚባል ነገር የለም

የእኛ አገር ነገር፣ ብረት ሲሰበር ሁሉም ሰው የሚያስበው ብየዳ ቤት ነው። በያጁም አይጨክንም። «ጋሼ፣ ይቺን እኮ በአንድ ኤሌክትሮድ ነው የምንይዛት» ይላል። ከልቡ ነው፣ ሊረዳችሁ ነው። ግን እንዳትሰሙት።

የሞላ ብረት ካርቦኑ ከፍ ያለ፣ ተስቦና ታክሞ ጥንካሬና መለጠጥ እንዲኖረው ተደርጎ የተሠራ ነው። የብየዳው እሳት ያን ባሕርይ ያጠፋዋል። ብየዳው ያረፈበት ቦታ እንደ ሸክላ ደረቅና ተሰባሪ ይሆናል፣ ጎኑ ያለው ደግሞ ይለሰልሳል። ተበይዶ ያማረ ይመስላል። ሰባት ዙር ሲጠነጠን ግን እንደገና ይሰበራል፣ ያውም እናንተ መሰላል ላይ ሆናችሁ ፊታችሁ አጠገብ። የተሰበረውን ቆርጦ ማሳጠርም አይሠራም። ያጠረ ሞላ ይጠነክራል እንጂ አይለዝብም፣ ቶሎም ይሰበራል።

ሁለት ሞላ ካለና አንዱ ከተሰበረ ሁለቱም ይቀየራሉ። እኩል ነው የሠሩት፣ ሁለተኛውም ሩቅ አይሄድም። የተለመደው ሞላ የሚሠራው ለ10,000 ጊዜ ያህል መክፈትና መዝጋት ነው። በቀን አራት ጊዜ የሚከፈት በር ላይ ይህ ሰባት ዓመት ገደማ ይሆናል። ጣና ዳር ያለ እርጥበት ላይ፣ ክረምቱን ሙሉ ሳይቀባ የከረመ ሞላ ከዚያም ሊያጥር ይችላል። ዝገቱ ብረቱን ይቆፍረዋል፣ ስንጥቁም ከዚያው ጉድጓድ ይጀምራል።

መለካት፦ ስልክ ከመደወላችሁ በፊት

የበር ሞላ በየሱቁ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ነው የሚታዘዘው። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ባሕር ዳር በማርቆስ በኩል 550 ገደማ። በአውቶቡስ ተጭኖ አባይ በረሃን ተሻግሮ የመጣ ሞላ ልኩ ካልሆነ ያንኑ መንገድ ሊመለስ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ስለዚህ ልኬት ላይ አትሳሱ።

መለካት ያለበት የተሰበረው ሞላ ነው። ያልተሰበረው ተጠንጥኖ ስላለ ረዝሟል፣ ቀጥኗልም፤ የሚሰጣችሁ ቁጥር ውሸት ነው። ደግሞም እሱን ገና አትነኩትም።

መጀመሪያ የሽቦው ውፍረት። አንዱን ጥምዝ ብቻ አትለኩ። ከተሰበረው ላይ ጥምዞቹ ተጣብቀው የተደረደሩበትን ቦታ ምረጡ። 20 ጥምዝ ቁጠሩና ከጫፍ እስከ ጫፍ በሚሊ ሜትር ለኩ። ውጤቱን ለ20 አካፍሉ። 110 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሽቦው 5.5 ነው። 114 ከሆነ 5.7። ደግማችሁ ሌላ ቦታ ላይ ለኩ። ይህን ያህል ማጥበቅ ለምን ካላችሁ፣ የሞላ ጉልበት ከሽቦው ውፍረት ጋር እኩል አያድግም፣ በአራተኛ ኃይል ነው የሚያድገው። ከ5.5 ወደ 5.7 መሄድ በዓይን አይታይም። ጉልበቱን ግን 15 በመቶ ገደማ ይጨምረዋል። በሩ ራሱን ችሎ ወደ ላይ መሄድ ይጀምራል።

ቀጥሎ የውስጥ ስፋት። የተለመዱት 44 እና 51 ሚሊ ሜትር ናቸው። በሞላው ጫፍ ያለው የብረት ራስ ላይ ብዙ ጊዜ ቁጥር ተቀርጾበታል፣ ፎቶ አንሱት። ከዚያ ርዝመት፦ የሁለቱን ስባሪዎች ርዝመት ደምሩ፣ ክፍተቱን አትቁጠሩ፣ ራሶቹንም አትቁጠሩ።

የመጨረሻው የጥምዙ አቅጣጫ ነው። ግራና ቀኝ ሞላ አንድ አይደሉም። አንድ ተራ ቡሎን አቁማችሁ ያዙና ጥርሱን እዩ፣ ወደ ቀኝ ከፍ እያለ ይሄዳል። የሞላው ጥምዝ እንደሱ ካዘነበለ ቀኝ ጥምዝ ነው። ቀኝ ጥምዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚገጠመው ከውስጥ ሆናችሁ ስታዩ በግራ በኩል ነው፣ ራሱም ብዙ ጊዜ ቀይ ቀለም አለው። ይህ ግር ካላችሁ ቀላሉ ዘዴ በሁለቱም ላይ በቀለም «ግ» እና «ቀ» ብሎ መጻፍና ፎቶ መላክ ነው።

አንድ ነገር ግን ይታሰብ። በሩ ከተገጠመ በኋላ ላሜራ አልብሳችሁት ይሆን? ለሌባ ብላችሁ ብረት ጨምራችሁበት ይሆን? ከሆነ የድሮው ልኬት ዋጋ የለውም፣ በሩ ከብዷል። ሁለቱም ሞላዎች ከተፈቱ በኋላ ከወፍጮ ቤት ጠፍጣፋውን ሚዛን ተዋሱ። ሁለት ሰው በሩን ትንሽ ከፍ ያድርግ፣ ሚዛኑ መሃል ላይ ይግባ፣ በሩ ይረፍበት። ያን ቁጥር፣ የበሩን ቁመትና በዘንጉ ጫፍ የበሩ ካቦ የሚጠቀለልበትን ድራም ስፋት ለሻጩ ስጡ። ሞላውን እሱ አስልቶ ይልክላችኋል።

ምን ያስፈልጋል?

ዋናው መሣሪያ ሁለት የማጠንጠኛ በትር ነው። ድፍን ክብ ብረት፣ ርዝመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ ደግሞ በሞላው ራስ ላይ ላለው ቀዳዳ ልክ የሆነ። አብዛኛው ራስ 12.7 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ግማሽ ኢንች ነው። ቶርኖ ቤት ሄዳችሁ አስቆርጡ፣ ቀዳዳውን ለክታችሁ ሂዱ። ሲገባ ሳይታገል የሚገባ፣ ገብቶ ግን የማይንቀጠቀጥ መሆን አለበት።

ካቻቢቴ አይሆንም። ፌሮም አይሆንም። 12 ቁጥር ፌሮ በእጅ የሚገኝ ስለሆነ ያጓጓል። ግን ጥርሱ በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ይነክሳል፣ አንዴ ይቀረቀራል፣ አንዴ ይንሸራተታል። እዚህ ሥራ ላይ ሰው የሚጎዳው በአብዛኛው በትሩ ከቀዳዳው ሲያመልጥ ነው። ያመለጠ በትር ደግሞ ክንድ ይሰብራል፣ ጥርስ ያወልቃል።

ሌላው ቀላል ነው። ሦስት ነክሶ የሚቆለፍ ፒንሳ፣ ወይም የአናጢ ክላምፕ። የቁልፍ ስብስብ። ሜትር። ጠመኔ። የዓይን መነጽር፣ ጓንት። ጠንካራ መሰላል። መሰላሉ በሩ ላይ እንዳይደገፍ፣ በሩ ከተንቀሳቀሰ አብሮት ይሄዳል። በሁለት እግሩ የሚቆም ቢሆን ይመረጣል።

ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ሰፊ እጅጌ አውልቁ። ማተባችሁን ሸሚዝ ውስጥ አስገቡ። ቀለበትና ሰዓትም ይውጣ።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ጀምሩ፣ ብርሃን አለ፣ ሰው አለ። ልጆች ከግቢ ይውጡ። አንድ ረዳት ያስፈልጋችኋል። ሥራው ዙር መቁጠር፣ ዕቃ ማቀበልና ሰው እንዳያልፍ መጠበቅ ነው። በበትሩ አቅጣጫ ፈጽሞ አይቁም።

ያልተሰበረውን መፍታት

በሩ መሬት ነክቶ ተዘግቷል፣ ሞተሩ ከሶኬት ወጥቷል። በሁለቱም ሐዲድ ላይ፣ በሐዲዱ ውስጥ ከሚሽከረከሩት የበሩ ትንንሽ ጎማዎች ከአንዱ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የሚቆለፈውን ፒንሳ አስሩ። ይህ በሩ በድንገት ወደ ላይ እንዳይነሳ ይይዘዋል። ይህን ሳታደርጉ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

አሁን የሞላውን ራስ ተመልከቱ። ከበሩ መሃል ያለው ቋሚ ራስ በሁለት ቡሎን ከመሃል መያዣው ጋር ታስሯል። በሌላኛው ጫፍ ያለው ማጠንጠኛ ራስ አራት ቀዳዳ አለው፣ ዘንጉን የሚነክሱ ሁለት ማጥበቂያ ቡሎኖችም አሉት። የመሃል መያዣውን ቡሎኖች አንዱ ሞላ ተጠንጥኖ እያለ ከነካችሁ ሞላው መያዣውን ይዞት ይዞራል። እንደዚሁ በበሩ ታችኛ ማዕዘን ካቦው የታሰረበትን መያዣ አትፍቱ። ፋብሪካዎች እነዚህን ብዙ ጊዜ ቀይ ይቀቧቸዋል። ያለምክንያት አይደለም።

መሰላሉን ከሞላው ጎን አቁሙ። ጭንቅላታችሁ በትሩ በሚዞርበት መስመር ላይ እንዳይሆን። አንደኛውን በትር ከታች ባለው ቀዳዳ አስገቡ። መጨረሻው ድረስ ሲደርስ «ጠቅ» ይላል፣ በእጃችሁም ይሰማችኋል። ካልተሰማችሁ አልገባም፣ አውጡና እንደገና። በጠመኔ በትሩ ላይ ሙሉ ሲገባ የሚቆምበትን ምልክት አድርጉ። ቀጥሎ በየዙሩ ምልክቱን ማየት ብቻ ይበቃል።

በትሩን ትንሽ ወደ ላይ ግፉት። ክብደቱ እጃችሁ ላይ ሲመጣ ታውቁታላችሁ። ሁለት ሞላ ባለው በር ላይ በትሩ ጫፍ የሚሰማችሁ አራት አምስት ኪሎ ያህል ነው፣ ያን ያህል አይከብድም። ይህ ቀላልነት ነው ሰውን የሚያዘናጋው። አጥብቃችሁ እንደያዛችሁ በሌላ እጃችሁ ሁለቱን ማጥበቂያ ቡሎኖች ፍቱ። አሁን ሞላውን የያዘው እጃችሁ ብቻ ነው።

በቀስታ ሩብ ዙር ወደ ታች አውርዱ። ሁለተኛውን በትር ቀጥሎ በመጣው ቀዳዳ አስገቡ፣ «ጠቅ» ይበል። ክብደቱ ወደ ሁለተኛው ሲተላለፍ አንደኛውን አውጡ። እንደገና ሩብ ዙር። ሁልጊዜ ቢያንስ አንድ በትር ሙሉ በሙሉ ገብቶ መያዝ አለበት። መቸኮል የለም፣ ስልክ ማንሳት የለም። ስልኩን ረዳታችሁ ያጥፋላችሁ። ሠላሳ ሩብ ዙር አካባቢ ስትደርሱ ሞላው ልል ይላል። በእጅ ሲነካ ይወዛወዛል። እዚህ ጋ ነው ትንፋሽ የሚወሰደው።

የተሰበረውንም ሞላ ራስ ቡሎን ስትፈቱ በትር አስገብታችሁ ያዙ። ባዶ ነው ብላችሁ አትመኑ።

ማውለቅና መግጠም

በሁለቱም ጫፍ ያሉትን የካቦ ድራሞች ቡሎን ፍቱ። ካቦዎቹን አውልቁ። አሁን የመሃል መያዣውን ሁለት ቡሎኖች መፍታት ይቻላል። ዘንጉን ወደ አንድ ጎን ገፍታችሁ ከኩሽኔታው ስታወጡት ድራሙና ሞላው ተንሸራተው ይወጣሉ። ቅደም ተከተሉን ፎቶ አንሱ። ግራውና ቀኙ ድራም አንድ አይደለም፣ ከተቀያየረ ካቦው ቦዩን ስቶ ይጠቀለላል።

ዘንጉ ባዶ ሳለ እዩት። ተጣምሟል? ኩሽኔታዎቹን በጣት አሽከርክሩ። ከተንኮሻኮሹ አሁኑኑ ቀይሩ፣ ዋጋቸው ትንሽ ነው። ካቦው ላይ አንድም ክር ከተበጠሰ እሱም ይቀየር። ሌላ ጊዜ እንዲህ ተበትኖ አታገኙትም።

አዲሱን ሞላ ከማስገባታችሁ በፊት ከአሮጌው ጎን አስተኙት። ጥምዙ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነብላል? ሽቦው እኩል ነው? ከዚያ በየጎኑ አስገቡ። ቋሚ ራሶቹ ወደ መሃል፣ ማጠንጠኛ ራሶቹ ወደ ውጭ። የመሃል ቡሎኖችን ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ሞላው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ የቀለም መስመር ከሌለው በጠመኔ አስምሩ። ሲጠነጠን መስመሩ ይጠመዘዛል፣ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይነግራችኋል።

ካቦውን በድራሙ ላይ አግቡ። መጀመሪያ ግራውን። ካቦው እስኪወጠር ድራሙን አዙሩና ቡሎኑን እሰሩ። ከዚያ ዘንጉ ወደ ኋላ እንዳይመለስ አንድ የሚቆለፍ ፒንሳ ዘንጉ ላይ አስራችሁ ግድግዳው ላይ እንዲያርፍ አድርጉ። ቀኙን ድራም በተመሳሳይ ውጥረት እሰሩ። ሁለቱን ካቦዎች በጣት ነካ ነካ አድርጓቸው። አንዱ ከላላ በሩ አዘንብሎ ነው የሚወጣው፣ ከሐዲዱም ሊወጣ ይችላል። ብዙ ሰው ሞላው ላይ ተጠንቅቆ እዚህች ጋ ይሳሳታል።

ማጠንጠን

ስንት ዙር? ሒሳቡ ቀላል ነው። የበሩን ቁመት በድራሙ ዙሪያ አካፍሉ፣ በላዩ አንድ ዙር የማይሞላ ጨምሩ። ዙሪያውን ካቦው በሚጠቀለልበት ቦታ ላይ ክር ጠምጥማችሁ ለኩት። የተለመደው ድራም ዙሪያው 32 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 2 ሜትር ከ10 የሆነ በር ለ32 ሲካፈል 6.6 ይመጣል። ከጭማሪው ጋር ሰባት ዙር ተኩል፣ ማለትም 30 ሩብ ዙር። 2 ሜትር ከ40 የሚሆን በር ስምንት ዙር ተኩል ገደማ ይፈልጋል። ሁለት ሞላ ካለ እያንዳንዱ ይህን ያህል ይጠነጠናል፣ ለሁለት አይካፈልም።

የሐዲዱ ፒንሳዎች እንደታሰሩ ናቸው? እንደገና እዩ።

አጠነጣጠኑ የመፍታቱ ግልባጭ ነው። በትር ያስገባሉ፣ ወደ ላይ ሩብ ዙር ይገፋሉ፣ ሁለተኛውን ያስገባሉ፣ አንደኛውን ያወጣሉ። ረዳቱ ጮክ ብሎ ይቁጠር፣ በየአራቱ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ይጭረጥ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ጨዋታ ይመስላሉ። ከሃያ በኋላ ሞላው መናገር ይጀምራል፣ ይንቋቋል። ያስደነግጣል እንጂ ጤነኛ ድምፅ ነው።

እግረ መንገዳችሁን ሞላውን ተመልከቱ። በትክክል እየተጠነጠነ ከሆነ ይቀጥናል፣ ይረዝማልም። በየዙሩ የሚረዝመው በአንድ ሽቦ ውፍረት ነው። ለ5.5 ሚሊ ሜትር ሽቦ በሰባት ዙር ተኩል ይህ አራት ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እየወፈረ ከሄደ አቅጣጫው ተሳስቷል፣ ወይም ግራና ቀኝ ተቀያይሯል። አቁሙና መልሳችሁ ፍቱ።

ቁጥሩ ሲሞላ በትሩን እንደያዛችሁ ሞላውን ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ሳብ አድርጉ። ጥምዞቹ እርስ በርስ እንዳይፋተጉ ነው። ከዚያ ማጥበቂያ ቡሎኖቹን እሰሩ። ዘንጉን ከነኩ በኋላ ግማሽ ዙር፣ ቢበዛ ሦስት ሩብ። ጉልበተኛ ነኝ ብላችሁ ብታጠብቁ ዘንጉ ክፍት ቱቦ ከሆነ ይጎደጉዳል። በትሩን ከማውጣታችሁ በፊት ቀስ ብላችሁ አላሉት። ራሱ ዘንጉን ነክሶ ከያዘ አይንቀሳቀስም። ከያዘ አውጡ። ሁለተኛውንም ሞላ እንዲሁ።

መሞከር

መጀመሪያ የዘንጉን ፒንሳ አንሱ፣ ቀጥሎ የሐዲዱን። ይህን ሳትረሱ። ሐዲዱ ላይ ፒንሳ ረስቶ በሩን በሞተር ማንሳት ፓኔሉን ያጣምማል።

በሩን በእጅ ወገባችሁ ድረስ አንሱና ቀስ ብላችሁ ልቀቁት፣ እጃችሁ ግን አጠገቡ ይሁን። ባለበት ከቆመ ልክ ነው። ወደ ታች ከሄደ ሩብ ዙር ይጎድለዋል። ወደ ላይ ከሸሸ ሩብ ዙር በዝቷል። ለማስተካከል በሩን ዝጉ፣ ፒንሳዎቹን መልሱ፣ በሁለቱም ሞላ ላይ እኩል ጨምሩ ወይም ቀንሱ። ከሁለት ሩብ ዙር በላይ ማስተካከል ካስፈለጋችሁ ሞላው ልኩ አይደለም ማለት ነው። በመጨመር አይስተካከልም።

ሞላውን ቀቡት። ሲሊኮን ስፕሬይ ወይም ንጹሕ የሞተር ዘይት በጨርቅ። ግራሶ ሞላ ላይ አይወደድም፣ የበጋው አቧራ ሁሉ ይለጠፍበታል። የተቃጠለ ዘይትም ይቅር፣ መኪናው ላይ ይንጠባጠባል። ክረምት ከመግባቱ በፊትና መስከረም ላይ እንዲህ ብታደርጉ ይበቃል።

ሞተሩን በመጨረሻ አገናኙ። በአዲሱ ሞላ በሩ ቀሎታልና የሞተሩን የጉልበት ማስተካከያ ዝቅ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል። በሩ ሊዘጋ ሲል መሬት ላይ ጣውላ አጋድሙበት። ነክቶት ወዲያው ካልተመለሰ ልጅ ያለበት ግቢ ውስጥ እንዲሠራ አትተዉት።

የሚሳበው ሞላ

ይህኛው በሩ ሲከፈት ራሱ ይላላል፣ ስለዚህ ሥራው የሚሠራው በሩ ክፍት ሆኖ ነው። ሦስት ሰው በሩን ሙሉ በሙሉ ያንሳ። ከታችኛው ጎማ ሥር በሁለቱም ሐዲድ ላይ ፒንሳ ይታሰር። በዚያ ላይ ከበሩ ሥር ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚ ይግባ። ፒንሳ ብቻውን አይታመንም። ሞላው በእጅ ሲነካ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ላልቷል፣ መንጠቆውን አውልቃችሁ ቀይሩ።

ልኬቱ ብዙ ጊዜ በጫፉ ላይ በተቀባው ቀለም ይታወቃል፣ በሁለቱም ጎን አንድ ቀለም መሆን አለበት። ፑሊውንም እዩት፣ ከተበላ ቀይሩት። ከሁሉ በላይ ግን በሞላው መሃል የሚያልፍ፣ ሁለት ጫፉ የታሰረ የደኅንነት ካቦ መኖሩን አረጋግጡ። ከሌለ አስገቡ። እሱ ከሌለ የሚሳብ ሞላ ሲሰበር ጋራዡን አቋርጦ ይወረወራል። መስታወት ይሁን ሰው አይመርጥም።

እጃችሁን የምትሰበስቡበት ጊዜ

የሞላው ራስ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ቀዳዳው ተበልቶ በትሩ ከተንቀጠቀጠበት፣ ያልተሰበረውን ሞላ አትፍቱ። የመሃል መያዣው ግድግዳው ላይ ከላላም እንደዚሁ። በተለይ ቡሎኑ ብሎኬት ውስጥ ብቻ ከገባ፣ ከሥሩ የኮንክሪት ማሰሪያ ከሌለ፣ ሞላው ሲጠነጠን ከነግድግዳው ሊነቅለው ይችላል። በሩ ሁለት መኪና የሚያስገባ ሰፊ ከሆነም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው አይመከርም። ክብደቱ ኩንታል ሊጠጋ ይችላል፣ ሞላውም በዚያው ልክ ነው። እንዲህ ሲሆን በሩን ከገጠመው ባለሙያ ጋር ተደዋወሉ። እሱ ቢሆንም ካቻቢቴ ይዞ ከመጣ መልሱት።

አሮጌዎቹን ሞላዎች ለቆራሌው ስጡ። ከመስጠታችሁ በፊት ግን የሽቦውን ውፍረት፣ የውስጥ ስፋቱን፣ ርዝመቱን፣ የዙሩን ቁጥርና የተቀየረበትን ቀን በማይለቅ ቀለም ከዘንጉ በታች ግድግዳው ላይ ጻፉት። ሁለቱን በትሮችም እዚያው አጠገብ ስቀሏቸው።